«ጊቭን» የሌለው ፊዚክስ

መምህሩ የቴኒስ ኳስ ወደ ላይ ወረወረና መልሶ ቀለባት። ደግሞ ወረወራት። ቦታው ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ያለ የአንድ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ነው፤ ጊዜው ሰው ከሥራ የሚወጣበት ምሽት። ሃያ አራቱም ወንበሮች ተይዘዋል። የሆስፒታል ልብሷን ሳትቀይር የመጣች አለች፤ የፓርኪንግ ድርጅት ጃኬት ያጠለቀ አለ፤ ሃይስኩል ከጨረሰ ገና ወራት የሆነው፣ ጢሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅም አለ። ከኋላ በኩል ሁለት ኢትዮጵያውያን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ ሌላኛው ጸጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ወጣቱ «ጋሼ» እያለ የሚጠራው።

«ኳሷ አናት ላይ ስትደርስ ለቅጽበት ቆም ትላለች» አለ መምህሩ። «በዚያች ቅጽበት አክስለሬሽኗ ስንት ነው?»

ክፍሉ ሳያመነታ መለሰ፦ ዜሮ። ቆማለቻ! ጋሼም ወጣቱም ከመላሾቹ ጋር ነበሩ።

«ፍጥነቷም ዜሮ፣ አክስለሬሽኗም ዜሮ ከሆነ» አለ መምህሩ ኳሷን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ፣ «እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥላ እንዳትቀር ምን ከለከላት?»

ወጣቱ ወደ ጎን ዘወር ብሎ በአማርኛ «ምን ማለቱ ነው?» አለ። ጋሼ አልመለሰለትም፤ ደብተሩ ላይ መስመር ማስመር ጀምሯል።

መልሱም ያለው እዚያ መስመር ላይ ነው። ኳሷ ከእጅ ስትወጣ ፍጥነቷ ወደ ላይ ነው፤ በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል፤ አናት ላይ ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ በዚያው ልክ ወደ ታች ይጨምራል። ይህን በጊዜ ላይ ቢስሉት የሚወጣው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ዜሮን አቋርጦ ሲያልፍ እንኳ ዝንፍ አይልም። አክስለሬሽን የዚያ መስመር ስሎፕ ነው። መስመሩ ዜሮን መንካቱ ስሎፑን ዜሮ አያደርገውም። አናት ላይም፣ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ያው 9.8 ነው፤ ወደ ታች።

የአሜሪካ ኮሌጆች የመግቢያ ፊዚክስን በሁለት መልክ ያስተምራሉ። አንደኛው በአልጀብራ ብቻ የሚሄደው ነው፤ ባዮሎጂና የጤና ሙያ የሚያጠኑ ይወስዱታል። ሁለተኛው በካልኩለስ ላይ የተመሠረተው ነው፤ ኢንጂነር ወይም የፊዚክስ ባለሙያ መሆን የሚፈልግ ሁሉ በዚህ በር ያልፋል። በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች «ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ» ይባላል፤ ቁጥሩ 241 እና 242 ነው። በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ደግሞ 161፣ 262 እና 263 ተብሎ በሦስት ተከፍሏል። ካልኩለስን ቀድሞ ወይም ጎን ለጎን መውሰድ ግዴታ ነው። ለኢንጂነሪንግ ፕሮግራሞች ዕውቅና የሚሰጠው አቤት የተባለው ድርጅት እያንዳንዱ ተመራቂ ቢያንስ 30 ክሬዲት ሒሳብና መሠረታዊ ሳይንስ እንዲወስድ ይጠይቃል። ስለዚህ ይህን በር ዞሮ ማለፊያ መንገድ የለም።

ሁለቱ ኢትዮጵያውያን እዚህ መገናኘታቸው አይገርምም። በአሜሪካ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚኖረው በዲሲ ዙሪያ ነው፤ አሌክሳንድሪያ፣ አናንዴል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክ የኛ ሰው የሰፈረባቸው ከተሞች ናቸው፤ አራቱም የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ካምፓስ አጠገባቸው ነው። ወጣቱ የመጣው በዲቪ ነው። የዲቪ ሕግ ደግሞ አስራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስን ወይም ሙያ በሚጠይቅ ሥራ ላይ የሁለት ዓመት ልምድን ይጠይቃል። ስለዚህ ከአውሮፕላን ከሚወርደው የዲቪ ዕድለኛ ብዙው የሃይስኩል ፊዚክስን ጭንቅላቱ ውስጥ ይዞ ነው የሚወርደው።

ታዲያ ዘመድ ወዳጁ የሚመክረው ሌላ ነው። ነርሲንግ ግባ ይሉታል፤ አይቲ ሰርቲፊኬት ያዝ ይሉታል። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ቤት ያቆመ ምክር ነው። ነገር ግን ሒሳብ የሚወድ ልጅ በዚህ ምክር ብቻ ከኢንጂነሪንግ ሲሸሽ ሳይ ይቆጨኛል፤ የሚሸሸው ብዙ ጊዜ ይህን አንድ ኮርስ ፈርቶ ነውና።

ፍርሃቱ የተሳሳተ ቦታ ላይ ያነጣጠረ ነው። ወጣቱ አራቱን የእንቅስቃሴ ቀመሮች ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት በቃሉ ይወርዳቸዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ያንን ባለ ሦስት ረድፍ አሠራር ያውቀዋል፦ «ጊቭን»፣ «ሪኳየርድ»፣ «ሶሉሽን»። መጀመሪያ የተሰጠውን ትጽፋለህ፤ ቀጥሎ የሚፈለገውን፤ ከዚያ ሁለቱን የሚያገናኘውን ቀመር ፈልገህ ቁጥር ትተካለህ። በብዙ ሺህ ተማሪ መካከል በምርጫ ጥያቄ ለሚወዳደር ልጅ ይህ ፈጣን መንገድ ነው፤ እኔም በዚያ መንገድ ነው የተማርኩት፤ አላማርረውም። ችግሩ የካልኩለሱ ፊዚክስ «ጊቭን» አለመስጠቱ ነው። ዓለምን ያሳይህና «ጊቭኑን» አንተ ጻፈው ይልሃል።

ከክፍሉ የቤት ሥራዎች አንዱ እንዲህ ይላል፦ አንድ መኪና 50 ሜትር ራዲየስ ያለው ዝርግ የሀይዌይ መውጫ ላይ ይታጠፋል፤ በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለው የፍሪክሽን መጠን 0.5 ነው፤ ሳይንሸራተት ሊታጠፍ የሚችልበት ከፍተኛው ፍጥነት ስንት ነው? ወጣቱ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አነበበና «ጋሼ፣ ይሄ ጥያቄ ጎድሎታል፤ የመኪናው ማስ አልተሰጠም» አለ።

ጋሼ ማታ ማታ ኡበር የሚነዳ ሰው ነው። ያን መውጫ ያውቀዋል፤ ዝናብ ሲሆን ምን እንደሚመስልም ያውቃል። «እስቲ መኪናውን ሳለው» አለው። «ምን ምን እየጎተተው ነው? ምን እየገፋው ነው?»

መኪናው ተሣለ፦ አንድ ነጥብ። ክብደቱ ወደ ታች፣ የአስፋልቱ ግፊት ወደ ላይ፣ ፍሪክሽኑ ወደ መታጠፊያው መሐል። ፍሪ ቦዲ ዲያግራም የሚባለው ይህ ነው፤ መምህራን ያለ እሱ የመጣ መልስ ልክ ቢሆን እንኳ ነጥብ የሚቀንሱበት። ወጣቱ ለምን ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል እንደሌለ ጠየቀ፤ ሲታጠፍ ወደ በሩ ሲገፋ ይሰማዋል። ጋሼም ለዚህ ወዲያው መልስ አልነበረውም። ቆይተው ደረሱበት፦ ሰውየው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፤ የሚታጠፈው መኪናው ነው፤ በሩ መጥቶ ይገፋዋል እንጂ እሱን ወደ በሩ የሚገፋ ኃይል የለም። ከዚያ ሒሳቡ ሁለት መስመር ብቻ ሆነ፤ በሁለተኛው መስመር ላይ ማሱ በግራም በቀኝም ታየና ተጣፋ። መልሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለቶዮታም፣ ለጭነት መኪናም።

ጥያቄው ምንም አልጎደለውም ነበር። ማስ አያስፈልግም ነበር። ይህን ማወቅ ቀመር ከማወቅ የተለየ ችሎታ ነው፤ ኮርሱም ክሬዲት የሚሰጠው ለዚህ ነው።

እስካሁን ካልኩለሱ ብዙም አልታየም፤ ተማሪዎችም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለምን እንዳስፈለገ እየጠየቁ ነው የሚማሩት። መልሱ የሚመጣው በቡና ማጣሪያ ወረቀት ነው። ላቡ (የቤተ ሙከራ ሥራው) በብዙ ኮሌጅ የተለመደ ነው፤ ለኛ ጀበና ባለቤቶች ዕቃው ራሱ ባዕድ ቢሆንም። አንድ የማጣሪያ ወረቀት ከአንድ ሜትር ከፍታ ይለቀቃል። አራቱ እርስ በርስ ተደራርበው ከሁለት ሜትር ከፍታ በዚያው ቅጽበት ይለቀቃሉ። ሁለቱም ወለሉን አንድ ላይ፣ ወይም ለጥቂት ተቀዳድመው፣ ይመታሉ።

በቃል የተያዘው ቀመር እዚህ ይሸነፋል። «ግማሽ ጂ ቲ ስኩዌር» አንድ ሜትር የሚወድቅ ነገር ከግማሽ ሰከንድ በታች ይፈጅበታል ይላል፤ የተማሪዎቹ ሰዓት የሚያሳየው ግን ከዚያ በእጅጉ የበለጠ ነው። ቀመሩ አልተሳሳተም። ቀመሩ የተሠራው አክስለሬሽን ለማይለወጥበት ዓለም ነው፤ ወረቀቱ የሚወድቀው አየር ባለበት ዓለም ውስጥ ነው። የአየሩ ተቃውሞ በፍጥነቱ ላይ የተመሠረተ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ተቃውሞው ይጨምራል፤ ተቃውሞው ሲጨምር ፍጥነቱ የሚጨምርበት መጠን ይቀንሳል፤ ያ ሲቀንስ ደግሞ... እያለ ይቀጥላል፤ ክብደትና ተቃውሞ እኩል እስኪሆኑ ድረስ። ከዚያ ወዲያ ወረቀቱ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ይወርዳል።

እዚህ ላይ የሚፈለገው ነገርና የሚለወጥበት መጠን በአንድ እኩልታ ውስጥ ታስረዋል። አልጀብራ የዚህን ቋጠሮ ጫፍ አያገኘውም። ካልኩለስ ጊዜን እጅግ ወደ ጠበቡ ቁራጮች ይከፍልና በያንዳንዷ ቁራጭ ውስጥ ለውጡን ይደምራል። አንዳንድ መምህር በስፕሬድሺት ያሠራዋል፦ የአሁኑን ፍጥነት ያዝ፣ ተቃውሞውን አስላ፣ ከመቶኛ ሰከንድ በኋላ ፍጥነቱ ስንት እንደሚሆን ጻፍ፣ ወደሚቀጥለው ረድፍ ውረድ። ጥቂት መቶ ረድፍ ሲሞላ ግራፉ ራሱ ይታጠፍና ይተኛል። የአራቱ ወረቀት ነገር ደግሞ ያለ ስፕሬድሺትም ይገባል። ለእንዲህ ያለ ሰፊና ቀላል ነገር ተቃውሞው ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ይሄዳል፤ ክብደቱ አራት እጥፍ ከሆነ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ሚዛኑ ይጠበቃል። ሁለት እጥፍ ፍጥነት፣ ሁለት እጥፍ ከፍታ፤ አንድ ላይ መድረሳቸው ለዚህ ነው።

ኒውተን የፊዚክስ ሕጎቹን ያሳተመው በ1687 ነው፤ ላይብኒዝ በካልኩለስ ላይ የመጀመሪያ ጽሑፉን ያወጣው ከዚያ ሦስት ዓመት ቀድሞ። ማን ቀደመ የሚለው ጠባቸው ዕድሜ ልካቸውን ተከትሏቸዋል፤ ለተማሪው የሚጠቅመው ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዘመን መወለዳቸው ነው። እንቅስቃሴን ለማጥናት የተነሣ ሰው ሒሳቡን መፍጠር ነበረበት። ሁለቱን ለያይቶ፣ ካልኩለስን በአንድ ሕንፃ ፊዚክስን በሌላ ሕንፃ ማስተማር ለመዝገብ ቤት የሚመች አሠራር ነው። ለተማሪው አይመቸውም፤ ብዙዎች ደሪቬቲቭ በሒሳብ ክፍል ኤ አግኝተውበት ሳለ በፊዚክስ ክፍል ሲያገኙት እንደማያውቁት እንግዳ ያልፉታል።

በላቡ ውስጥ ሌላ የሚያስደነግጥ ነገር አለ፦ ልክ የሆነ መልስ የለም። የፔንዱለም ሙከራ ላይ ወጣቱ የምድር ስበት አክስለሬሽን የሆነውን «ጂ»ን ለክቶ 9.74 አገኘ። ተደናገጠ፤ ቁጥሩን ወደ 9.8 ሊያስጠጋው ዳዳው። መምህሩ የሚፈልገው 9.8ን አይደለም። ገመዱን በምን ለካህ፣ ሰዓቱን ስንት ጊዜ ደጋገምክ፣ ልኬትህ ምን ያህል ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል፣ 9.8 በዚያ ውስጥ ይወድቃል ወይ ነው የሚለው። የተስተካከለ ቁጥር ይዞ የመጣ ሪፖርት ዝቅተኛ ነጥብ ሲያገኝ፣ 9.74ን ከነጉድለቱ ያብራራው ከፍተኛውን ያገኛል።

ደግሞም 9.8 ራሱ እንደ ቦታው ነው። ጂ ዋሽንግተን ላይ 9.80 ገደማ ሲሆን አዲስ አበባ ላይ 9.77 ገደማ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ አዲስ አበባ ወደ ምድር ወገብ የቀረበች ናት፤ ከባሕር ጠለልም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላለች። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን ዋሽንግተን ላይ ልክ የነበረ የፔንዱለም ግድግዳ ሰዓት አዲስ አበባ ወስደው ቢሰቅሉት በቀን ወደ 2 ደቂቃ ገደማ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ በእውን የሆነ ታሪክ አለው። በ1672 ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ከፓሪስ የወሰደው ሰዓት በምድር ወገብ አቅራቢያ በምትገኘው ካየን በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ሲዘገይበት አየ። ኒውተን ይህን ልኬት ይዞ ምድር ፍጹም ድቡልቡል አይደለችም፣ ወገቧ ላይ ሰፋ ያለች ናት ለማለት ተጠቀመበት። አንድ የሚዘገይ ሰዓት የምድርን ቅርጽ ተናገረ። ወጣቱም ቁጥሩን አስተካክሎት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ ባመለጠው ነበር።

አሁን ወደ አንድ ክርክር ልግባ። ብዙ ወላጅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ላልተሳካለት የተተወ ቦታ አድርጎ ያየዋል። ለዚህ ኮርስ ግን አስተሳሰቡ ተገላብጦ ነው የሚሠራው፤ ለዚህም ማስረጃ አለ።

በ1992 ዴቪድ ሄስተንስና ባልደረቦቹ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲን ተሞክሮ ይዘው አንድ አጭር ፈተና አወጡ። ሒሳብ የለበትም። ሁለት ኳሶች ከሰገነት ሲወድቁ፣ የጭነት መኪና ትንሽ መኪና ሲገጭ ምን እንደሚሆን ብቻ ይጠይቃል። የሃርቫርዱ ኤሪክ ማዙር ለራሱ ተማሪዎች ሲሰጣቸው ከባድ ስሌት ይሠሩ የነበሩት ልጆች በዚህ ቀላል ጥያቄ ሲወድቁ አየና አስተማሪነቱን ከሥር ለወጠ፤ ገለጻውን አሳጥሮ ተማሪዎች ጥያቄ ላይ እርስ በርስ እንዲከራከሩ አደረገ። በ1998 ሪቻርድ ሄክ ከ62 ኮርሶች የተሰበሰበ የ6,542 ተማሪዎችን ውጤት አሳተመ። መምህሩ ቆሞ በሚናገርበት፣ ተማሪው ተቀምጦ በሚጽፍበት ክፍል ተማሪዎቹ ኮርሱን ሲጀምሩ ከማያውቁት ውስጥ ያገኙት በአማካይ 23 በመቶ ብቻ ነበር። እየተከራከሩ፣ እየሞከሩ በተማሩበት ክፍል 48 በመቶ ሆነ። ልዩነቱን የፈጠረው የማስተማሪያው መንገድ ነው።

ሁለት መቶና ሦስት መቶ ሰው በሚይዝ አዳራሽ ውስጥ ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ማዙር አድርጎታል፤ ግን ትግል ነው። ሃያ አራት ሰው ያለበት ክፍል ውስጥ ግን ኳስ መወርወር ይበቃል። በትልቁ ዩኒቨርሲቲ ላቡን የሚመራው ብዙ ጊዜ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ትምህርቱን የሰጠው መምህር ራሱ ላቡ ውስጥ ቆሞ ገመዱን እንዴት እንዳሰርክ ያያል። ሥራው ማስተማር ነው፤ የሚቀጠረውም የሚመዘነውም በእሱ ነው። የኛ ልጆች ይህን ዕድል የሚያባክኑት ባለመጠየቅ ነው። መምህርን ማስቸገር ነውር መስሎን ያደግን ሰዎች ኦፊስ አወር የሚባለውን ሰዓት የተቀጡ ተማሪዎች የሚጠሩበት አድርገን እናየዋለን። መምህሩ ደሞዝ የሚከፈለው በዚያ ሰዓት ተቀምጦ እንዲጠይቁት ነው።

የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ታሪክ ራሱ እየሠራ የሚማረውን ሰው አስቦ የተጻፈ ነው። የመጀመሪያው ሕዝባዊ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በኢሊኖይ ጆሊየት ከተማ በ1901 ተከፈተ። ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን በ1947 በየአካባቢው ለሠራተኛው ሕዝብ የሚቀርቡ እንዲህ ያሉ ኮሌጆች እንዲስፋፉ ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው በቨርጂኒያ ሜሪ ጃክሰን የተባለች ሴት ኢንጂነር ለመሆን ከሥራ በኋላ የሚሰጥ የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት መውሰድ ነበረባት። ትምህርቱ የሚሰጠው ለነጮች ብቻ በተከለለው በሃምፕተን ሃይስኩል ነበር። ጥቁር በመሆኗ እዚያ ክፍል ለመግባት ከከተማው አስተዳደር ልዩ ፈቃድ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት፤ በ1958 የናሳ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ኢንጂነር ሆነች። ዛሬ ዋሽንግተን ያለው የናሳ ዋና መሥሪያ ቤት በስሟ ተሰይሟል። ዛሬ ለዚያ ክፍል ፈቃድ የሚጠየቅ የለም፤ ካልኩለስ ማለፍ ብቻ ነው።

እና ጊዜ። ተማሪ የሚጥለው ይህ ነው። ኮርሱ በቨርጂኒያ አራት ክሬዲት ነው፤ በሳምንት ሦስት ሰዓት ትምህርትና ሦስት ሰዓት ላብ አለው። ለአንድ ሰዓት ትምህርት ሁለት ሰዓት ጥናት የሚለውን የተለመደ ልክ ጨምረን የላብ ሪፖርቱን ብንደምርበት በሳምንት ከአስራ ሁለት እስከ አስራ አምስት ሰዓት ይወስዳል። ይህን አርባ ሰዓት ከሚሠራና ካልኩለስ 2ን አብሮ ከያዘ ሰው ሳምንት ላይ ቀንሱት። የሌሊት ሺፍት ያለው ሰው ለሚድተርም የሚያጠናው በፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ነው። ያን ያህል ጠንካራ ሰው አውቃለሁ፤ ግን ጥንካሬ እንቅልፍን አይተካም። ለወር የተዘለለ የቤት ሥራ በአንድ ሌሊት አይሠራም፤ ታሪክ በአንድ ሌሊት ሊነበብ ይችላል፤ ፊዚክስ እጅ እስኪለምድ ይፈልጋል።

ለመክሸፍም ቢሆን ሥርዓት አለው። በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከሴሚስተሩ 60 በመቶው እስኪያልፍ ድረስ ኮርሱን ጥሎ መውጣት ይቻላል፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ «ደብልዩ» ይጻፋል፤ ጂፒኤ አይነካም። ሆኖም የመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ተማሪ ከሞከራቸው ክሬዲቶች ሁለት ሦስተኛውን ገደማ ማጠናቀቅ ስላለበት፣ «ደብልዩ» ሲደጋገም ድጎማውን ያሳጣል።

ድጎማው ላይ ሁለቱ ኢትዮጵያውያን መንገዳቸው ይለያያል። ወጣቱ ግሪን ካርድ ስላለውና ዲግሪ ስለሌለው ለፔል ግራንት ማመልከት ይችላል፤ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነው፤ አይመለስም። ጋሼ አይችልም። ከአገሩ በአካውንቲንግ ዲግሪ ይዞ መጥቷል፤ ፔል ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው አይሰጥም፤ ዲግሪው ከውጭ አገር ቢሆንም። ይህን ያወቀው ፎርሙን ሞልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሥርዓቱ ዲግሪውን ለሥራ ሳይቆጥርለት ለክልከላ ሲቆጥርበት ማየት የሚያበሳጭ ነገር ነው፤ እሱ ግን «ይሁን» ብሎ በየሴሚስተሩ አንድ ኮርስ ከኪሱ እየከፈለ ይዟል። በቨርጂኒያ ዝቅተኛውን የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ቢያንስ የአንድ ዓመት ነዋሪነት ማሳየት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አዲስ የመጣ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት እንግሊዝኛውንና ሒሳቡን ቢያጠናክርበት ያዋጣዋል።

መጽሐፍ ላይ ገንዘብ ማውጣት ግን ከእንግዲህ ግድ አይደለም። ኦፕንስታክስ የተባለው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት «ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ»ን በሦስት ቅጽ በ2016 በነጻ አውጥቶታል፤ ማንም ሊያወርደው ይችላል። ከመቶ ዶላር በላይ ከሚሸጡት ዝነኛ መጻሕፍት ጋር ይዘቱ ተቀራራቢ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ ዲቪውን የሚጠብቅ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ሊያነበው ይችላል።

ሁለተኛው ሴሚስተር ኤሌክትሪክና ማግኔት ነው። እዚያ መኪናም ኳስም የለም፤ የማይታይ መስክ ነው ያለው። ፋራዴይ በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅልል ውስጥ ሲያንቀሳቅስ ያየው ነገር ዛሬ ስልካችንን ያለ ገመድ ይሞላል። ለብዙዎች ይህ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ኢንተግራል የሚሠራው በመስመር ላይ ብቻ ሳይሆን በገጽ ላይ ነውና። ሆኖም የመጀመሪያውን ሴሚስተር «ጊቭን» ሳይጠብቅ ያለፈ ሰው ሁለተኛውን ያልፋል፤ የሚወድቁት ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀመር ሸምድደው በሲ የተሻገሩት ናቸው።

ሁለቱን የጨረሰ ተማሪ ትራንስፈር ያደርጋል። የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ በ2018 «አድቫንስ» የተባለ የጋራ ፕሮግራም ጀምረዋል፤ ተማሪው ገና ከመጀመሪያው ዓመት የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠርለት ያውቃል። ያለዚህ ዓይነት ስምምነት የተወሰደ ኮርስ የትም ላይቆጠር ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገባችሁ በፊት ልትገቡበት የምታስቡትን ዩኒቨርሲቲ ስም ይዛችሁ አድቫይዘር ዘንድ ግቡ፤ አልጀብራውን ፊዚክስ በስሕተት ወስዶ ሴሚስተር የከሰረ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ጥቂት አይደለም።

ልጃችሁ ወይም እናንተ ራሳችሁ ይህን ኮርስ ልትወስዱ ካሰባችሁ፣ በዚያ ሴሚስተር አንድ ሺፍት ቀንሱ፤ ከሱ ጋር ካልኩለስን ብቻ ያዙ። መጽሐፉን ከክረምቱ ጀምራችሁ እስከ ምዕራፍ አምስት ድረስ አንብቡ። «ደብልዩ» የሚዘጋበትን ቀን በካላንደር ላይ ጻፉ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ምንም ሳይከብዳችሁ፣ ኦፊስ አወር ሄዳችሁ ራሳችሁን አስተዋውቁ። የምሽቱ ላብ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ሃያ አራተኛው ሰው ሲገባ ይዘጋል፤ ምዝገባው በተከፈተበት ሳምንት ያዙት።